የአንባብያን ጥያቄ፦ ከአንጎላችን የተቀዳው መረጃ የማን ነው?

በዚህ እትም ያስተናገድናቸው ስድስት ጥያቄዎች ከተለያየ ከተማ ቢመጡም ጉዳያቸው ይገናኛል። ሁሉም ማሽን ስለ አንጎላችን፣ ስለ ፊታችንና ስለ ገንዘባችን የሚሰበስበው መረጃ ምን ሊሠራበት እንደሚችል የሚጠይቁ ናቸው። የተሰረቀ የይለፍ ቃል በሌላ ይተካል፤ የአንጎል ሞገድና የፊት ገጽታ ግን አይተኩም። ስለዚህ መልሳችን በአብዛኛው ከፊርማ በፊት መደረግ ያለበትን ይመለከታል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

የልጄን የአንጎል ምርመራ ለጥናት ልስጥ?

*የ7 ዓመት ልጄ የሚጥል በሽታ ስላለበት በየጊዜው ኢኢጂ (የአንጎል ሞገድ ቀረጻ) ይነሣል። ባለፈው ቀጠሮ፣ ቀረጻው “በሽታውን በራሱ የሚለይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለማሠልጠን” ወደ ውጭ አገር እንደሚላክ የሚገልጽ ቅጽ ሰጡኝ። “ስሙ ይሰረዛል፣ ምንም ችግር የለውም” አሉኝ። ልፈርም? — እናት፣ ከባሕር ዳር*

ቢፈርሙ ስሕተት አይሆንም፤ እንዲያውም ጥሩ ምክንያት አለው። ኢኢጂ የሚያነቡ ማሽኖች በአብዛኛው የሠለጠኑት በአሜሪካና በአውሮፓ ሆስፒታሎች መዛግብት ስለሆነ የእኛ ልጆች በዚያ ውስጥ የሉም ማለት ይቻላል። የነርቭ ሐኪም በሌለበት ወረዳ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ማሽን ሥራ ላይ ቢውል፣ በትክክል እንዲያነብ እንደ እርስዎ ልጅ ያሉ ሕፃናት ቀረጻ ያስፈልገዋል። ችግሩ ስም መሰረዝ ብቻውን ማንነትን የማይሰውር መሆኑ ነው።

ኢኢጂ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ኢዲኤፍ በተባለ የፋይል ዓይነት ነው። በፋይሉ መግቢያ ላይ ለታካሚው መለያ 80 ሆሄያት፣ ለቀረጻው መለያ ሌላ 80 ሆሄያት የሚይዝ ቦታ አለ፤ ስም፣ የካርድ ቁጥርና የትውልድ ቀን የሚገባው እዚያ ነው። ያንን ባዶ ማድረግ ቀላል ነው። የሚረሳው ሌላው ነው። ባለሙያዋ በቀረጻው መሐል የምትጽፈው ማስታወሻ (“እናቱ ወ/ሮ እከሊት ስትጠራው ዓይኑን ገለጠ”) ከሞገዱ ጋር ተያይዞ ይቀራል። ቪዲዮ ካለው ፊቱ አለ። የምርመራው ቀን፣ የወረዳው ስምና ብዙ ያልተለመደ የበሽታ ዓይነት አንድ ላይ ሲገኙ ደግሞ በትንሽ ከተማ ልጁን ለማወቅ ስም አያስፈልግም። ኤምአርአይ (የራስ ውስጥ ምስል) አብሮ የሚላክ ከሆነ ጥንቃቄው ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2019 የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች ከራስ ኤምአርአይ ላይ ፊትን መልሰው በመሥራት፣ ገበያ ላይ ባለ የፊት መለያ ሶፍትዌር ከ84 ፈቃደኞች 70ውን ከፎቶግራፋቸው ጋር አዛምደዋል። ስለዚህ ምስሉ ከመላኩ በፊት የፊቱ ክፍል ይወገድ እንደሆነ ይጠይቁ።

ቅጹን ወደ ቤት ይዘው ይሂዱ። መጀመሪያ የሚፈልጉት ጥናቱን ያጸደቀውን የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ስም፣ የፈቃዱን ቁጥርና ቀን ነው። ይህ ከሌለ አይፈርሙ። ካለ፣ መረጃው የሚሄድበትን ተቋምና አገር፣ ስንት ዓመት እንደሚቀመጥ፣ ለሌላ ድርጅት ይተላለፍ እንደሆነ ያንብቡ። ከጥናቱ የሚሸጥ ምርት ቢወጣ ቀረጻውን የሰጠው ሆስፒታል ምን እንደሚያገኝም ይጠይቁ፤ ይህን ጥያቄ ወላጅ ሲያነሣው ተቋሙም በድርድር ላይ ይጠነክራል። ሕክምናው፣ ጥናቱና የንግድ አጠቃቀሙ በአንድ ፊርማ መጠቅለል የለባቸውም፤ ለየብቻ የሚመረጡ ሳጥኖች ይኑሯቸው። “ካልፈረሙ ቀጠሮ አይሰጥዎትም” የሚል ነገር ከሰሙ ለኮሚቴው ያመልክቱ፤ ሕክምናው በጥናቱ ላይ የተንጠለጠለ መሆን የለበትም። ልጁም በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት እሺ ወይም እምቢ ማለት አለበት፤ 7 ዓመት ለዚህ ያንሳል አይባልም።

ብዙ ሰው የማይጠይቀው “በኋላ ሐሳቤን ብቀይርስ?” የሚለውን ነው። ፋይሉ ገና መዝገብ ውስጥ እያለ ማስወጣት ይቻላል። ማሽኑ ከሠለጠነበት በኋላ ግን ከልጁ ሞገድ የተማረው ነገር በሞዴሉ (በሠለጠነው ፕሮግራም) ቁጥሮች ውስጥ ተበትኖ ስለሚገባ፣ ለይቶ ማውጣት በተግባር ሥልጠናውን ከእንደገና መጀመር ነው። ማንም ለአንድ ልጅ ብሎ አያደርገውም። ሐቀኛ ቅጽ ይህን አይደብቅም፦ እስከዚህ ቀን ድረስ መውጣት ይቻላል፣ ከዚያ በኋላ ፋይሉ ይሰረዛል እንጂ ከሞዴሉ አይወጣም ብሎ ይጽፋል። ቀኑ ካልተጻፈ አስጽፉ።

በሕግ በኩል፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ወገን መድቦታል፤ ወደ ውጭ አገር መላክንም በቅድመ ሁኔታ ያሥረዋል። አስፈጻሚው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መረጃ አፈትልኮ ቢወጣ ተቋሙ በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ ማሳወቅ አለበት።

አንድ ነገር በራስዎ ዓይን ያረጋግጡ፤ የልጁን የትውልድ ዓመት። የኢኢጂ ማሽን የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠርን ነው። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈው ዓመት እንዳለ ከገባ ልጁን በ7 ወይም በ8 ዓመት ያስረጀዋል። ይህ በአንጎል ምርመራ ላይ ከባድ ስሕተት ነው። ዓይን ሲጨፈን ከራስ ጀርባ የሚታየው ሞገድ በ1 ዓመት ሕፃን በሴኮንድ 6 ጊዜ ያህል፣ በ3 ዓመት 8 ጊዜ፣ በ10 ዓመት ደግሞ ወደ 10 ጊዜ ይመታል። ለ2 ዓመት ሕፃን ጤናማ የሆነው ፍጥነት በ10 ዓመት ልጅ ላይ የበሽታ ምልክት ነው። ዕድሜው ተሳስቶ የገባውን ጤነኛ ሕፃን ማሽኑ ሲያነበው ታማሚ ይለዋል፤ ሲሠለጥንበት ደግሞ የታመመውን የ10 ዓመት ልጅ ጤነኛ ማለትን ይማራል። ቀላል የምትመስለው የቀን ልወጣ ስንት ልጅ ላይ እንደምትደርስ ሆስፒታሎቻችን እንዲያስቡበት እንለምናለን።

ለቀጠሮው ጸጉር ታጥቦ፣ ቅቤም ሆነ ሌላ ቅባት ሳይነካው ይቅረብ። ኤሌክትሮዱ (ሞገዱን የሚቀዳው ትንሽ ብረት) የራስ ቆዳውን በደንብ ካልነካ የሚቀዳው ሞገድ ሳይሆን ጫጫታ ነው። የምትመረመረው ሴት ልጅ ከሆነች ሹሩባዋ መፈታት እንዳለበት አስቀድመው ይጠይቁ። ጸጉራቸው ወፍራምና ጥቅልል የሆነ ሰዎች “ኤሌክትሮድ አይይዝም” እየተባለ ከጥናት ሲቀሩ ኖረዋል። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተሠሩትና እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆኑት በሹሩባ መስመሮች መሐል የሚቀመጡ ኤሌክትሮዶች፣ ጉድለቱ ከጸጉሩ ሳይሆን ከመሣሪያው እንደነበር አሳይተዋል።

ትኩረት የሚለካ የራስ ማሰሪያ

*የ12 ዓመት ልጃችን በትምህርት ላይ እንድትረጋ ብለን የአንጎል ሞገድ የሚለካ የራስ ማሰሪያ ገዛን። በስልክ መተግበሪያው ላይ በየቀኑ “የትኩረት ነጥብ” ያወጣል። ልጅቷ ነጥቡ ሲወርድ ታለቅሳለች። መረጃውስ የት ይሄዳል? — አባት፣ ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ*

ከልቅሶው እንጀምር፤ ነጥቡ ሊያስለቅስ የሚገባው አይደለም። በገበያ ያሉት የራስ ማሰሪያዎች ጥቂት ኤሌክትሮዶች ብቻ ሲኖሯቸው አብዛኞቹ ግንባር ላይ ያርፋሉ። የአንጎል ሞገድ በራስ ቆዳ ላይ ሲደርስ በማይክሮ ቮልት የሚለካ፣ ከ10 እስከ 100 የሚሆን ደካማ ምልክት ነው፤ አንድ የዓይን ጥቅሻ ግንባር ላይ ከዚያ በላይ ጉልበት አለው። የመንጋጋ ጡንቻም እንዲሁ። ይሞክሩት፦ ልጅቷ ተረጋግታ ስታነብ ነጥቡን ይያዙ፤ ከዚያ እያነበበች ለ10 ሴኮንድ ጥርሷን እንድትነክስ፣ ቀጥሎም ቶሎ ቶሎ ዓይኗን እንድታርገበግብ ያድርጉ። ነጥቡ ከተናወጠ ማሰሪያው የሚያየው ትኩረትን ብቻ አይደለም ማለት ነው። ማሰሪያው ሲላላም እንዲሁ ይሆናል። በቻይና ጂንኋ ከተማ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ተማሪዎች እንዲህ ያለ ማሰሪያ አድርገው ሲማሩ የሚያሳይ ምስል ወጥቶ ወላጆችንና ሕዝቡን አስቆጥቷል፤ የአካባቢው የትምህርት ባለሥልጣንም አሠራሩ እንዲቆም አድርጓል። ልጅ የአንጎሏን ሞገድ ነጥብ እያየች ራሷን እንድትመዝን ማድረግ ለእኛ ትክክል አይመስለንም። ቢያንስ ነጥቡን ከዓይኗ ያርቁላት።

ወደ መረጃው ስንመጣ፣ ኮሎራዶ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 የነርቭ መረጃን በግላዊነት ሕጓ ውስጥ በማስገባት ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ናት፤ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ካሊፎርኒያ ተከተለች። በሕጉ መሠረት ኩባንያው እንዲህ ያለውን መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት ግልጽ ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ ያለውን እንዲያሳይዎት፣ እንዲያርም፣ እንዲሰርዝ ማዘዝም ይችላሉ። መልስ ለመስጠት 45 ቀን አለው። ነገር ግን ሕጉ ላይ ክፍተት አለ፤ የኮሎራዶው ጥበቃ የተጻፈው ሰውን ለመለየት ለሚውል መረጃ ነው። ኩባንያው “እኛ የምንለካው ትኩረትን እንጂ ማንነትን አይደለም” ብሎ ሊከራከር ይችላል። ለእርስዎ የሚበጀው ልጅቷ ገና 13 ዓመት አለመሙላቷ ነው። ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን የሚጠብቀው የፌዴራል ሕግ ወላጅ የተሰበሰበውን የማየትና የማሰረዝ መብት ስለሚሰጠው፣ ደብዳቤዎ ሁለቱንም ሕጎች ይጥቀስ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ በመተግበሪያው ቅንብር ውስጥ “ለምርምር”፣ “ምርቱን ለማሻሻል” የሚሉትን ያጥፉ። ቀጥሎ ጥሬ መረጃውን ያውርዱ፤ ከተሰረዘ በኋላ ምን እንደነበረ ማወቅ አይቻልምና። ከዚያ የስረዛ ጥያቄውን በኢሜይል ይላኩ፣ ቀኑን ይመዝግቡ። መተግበሪያውን ከስልክ ላይ ማንሣት በኩባንያው ኮምፒዩተር ያለውን አያጠፋም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በ45 ቀን መልስ ካልመጣ ለግዛቱ ዋና ዓቃቤ ሕግ ቢሮ ያመልክቱ።

በእንዲህ ያለ ጉዳይ የዓለምን ዓይን የከፈተችው ቺሊ ናት። እ.ኤ.አ. በ2021 የአንጎል እንቅስቃሴና ከዚያ የሚገኘው መረጃ እንዲጠበቅ ሕገ መንግሥቷን አሻሻለች። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ፣ የቀድሞው ሴናተር ጊዶ ሂራርዲ ኢሞቲቭ በተባለው ኩባንያ ማሰሪያ የተቀዳ የአንጎል መረጃቸው እንዲሰረዝ ወሰነ። ሴናተሩ የነጻ ተጠቃሚ ስለነበሩ የራሳቸውን ቀረጻ አውጥተው መውሰድ እንኳ አልቻሉም ነበር።

ማሽን ሐሳቤን ማንበብ ይችላል?

*— የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከጅማ*

እርስዎ ሳይፈቅዱና ሳያውቁ፣ አይችልም። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስተን እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ጥናት የሰማኸውን ታሪክ ጭብጥ ከአንጎል ምስል ላይ መልሶ የሚጽፍ ሥርዓት አሳይቷል፤ ግን እያንዳንዱ ተሳታፊ በኤምአርአይ ማሽን ውስጥ 16 ሰዓት ያህል ተኝቶ ታሪክ ማዳመጥ ነበረበት። በአንዱ ሰው የሠለጠነው በሌላው አልሠራም። ተሳታፊው በልቡ ሲቆጥር ወይም የእንስሳት ስም ሲደረድር ደግሞ ማሽኑ ከሸፈ።

አንጎል ውስጥ የሚተከሉት ይራቀቃሉ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ በ2024 የታተመው ሥራ፣ ጡንቻን በሚያዳክመው ኤኤልኤስ በሽታ አንደበቱ የተያዘ ሰው በ256 ኤሌክትሮዶች አማካይነት እስከ 97 በመቶ ትክክል በሆነ ጽሑፍ እንዲናገር አስችሎታል። ያ የሚያነበው ለመናገር የሚደረገውን ሙከራ እንጂ የልብን ሐሳብ አይደለም። የስታንፈርድ ተመራማሪዎች በ2025 ድምፅ የሌለውን የውስጥ ንግግርም በከፊል ሲያነቡ፣ ተጠቃሚው በልቡ የይለፍ ቃል ካላሰበ በስተቀር ማሽኑ እንዳይከፈት አድርገው ሠሩት። ጥበቃው ከመሣሪያው ጋር አብሮ ሲሠራ እንዲህ ነው።

አሁን ሊያሳስብዎ የሚገባው ኪስዎ ውስጥ ያለው ስልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በ1.5 ሚሊዮን ሰዎች የስልክ መዝገብ ላይ እንዳሳየው፣ አንድ ሰው የት እንደነበረና መቼ እንደነበረ የሚገልጹ 4 ነጥቦች 95 በመቶውን ሰው ለመለየት በቂ ናቸው። ስም አላስፈለገም።

ፊቴ “ስሜት የለሽ” ተባለ

*ለመጋዘን ተቆጣጣሪነት ሥራ አመልክቼ በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ተደረገልኝ። ጥያቄውን ያቀረበው ማሽን ነው። በኋላ የደረሰኝ ውጤት “ዝቅተኛ የስሜት ተነሣሽነት፣ የዓይን ግንኙነት ማነስ” ይላል። ይህ ሕጋዊ ነው? — ከፍራንክፈርት*

የፃፉልን በትክክል ከሆነ፣ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ ከፌብሩዋሪ 2 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራና በትምህርት ቦታ የሰውን ስሜት ከፊት፣ ከድምፅ ወይም ከሌላ የሰውነት ምልክት የሚገምት ሥርዓትን ከልክሏል፤ ክልከላው ቅጥርንም ይጨምራል። የሚፈቀደው ለሕክምና ወይም ለደኅንነት ብቻ ነው። ቅጣቱ እስከ 35 ሚሊዮን ዩሮ ወይም ከዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢ 7 በመቶ ይደርሳል። ማሽኑ የመዘነው የተናገሩትን ቃል በጽሑፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ክልከላው አይነካውም ነበር፤ የእርስዎ ውጤት “የዓይን ግንኙነት” ማለቱ ነው ጉዳዩን የሚያከብደው።

ክልከላው ያለ ምክንያት አልመጣም። በሊሳ ፌልድማን ባሬት የተመራ የሳይንቲስቶች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 ከዚያ በፊት የተሠሩትን ጥናቶች መርምሮ፣ ከፊት እንቅስቃሴ ብቻ የሰውን ስሜት አስተማማኝ በሆነ መንገድ ማወቅ እንደማይቻል ደምድሟል፤ የተናደደ ሰው ሁሉ አይኮሳተርም፣ የተኮሳተረም ሁሉ አልተናደደም። ታላቅን ወይም አለቃን አፍጥጦ ማየት ነውር ተደርጎ ለሚያድግ ሰው ደግሞ ዓይን ሰበር ማድረግ አክብሮት ነው። ይህን ያልተማረ ማሽን አክብሮቱን ጉድለት አድርጎ ይቆጥረዋል። በተጨማሪ ብዙ ካሜራዎችና የፊት ሶፍትዌሮች ጥቁር ገጽታ ላይ ይደክማሉ። ጆይ ቡዎላምዊኒና አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ጾታን የሚለዩ የንግድ ሶፍትዌሮች በጥቁር ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ሲሳሳቱ በነጭ ወንዶች ላይ ስሕተታቸው ከ1 በመቶ በታች ነበር። ሃየርቪው የተባለው የቃለ መጠይቅ ኩባንያም በ2021 የፊት ትንተናውን ማቆሙን አስታውቋል።

አሁን የሚያደርጉት፦ የተላከልዎትን ውጤት ሙሉ ገጹ እንዲታይ አድርገው ፎቶ ያንሡ፤ ቀኑና ሰዓቱ ይታይ። ከዚያ ለድርጅቱ የአውሮፓን የዳታ ጥበቃ ደንብ አንቀጽ 15 ጠቅሰው ስለ እርስዎ የተያዘውን ሁሉ፣ ቪዲዮውንና ነጥቦቹን ጨምሮ ይጠይቁ፤ የአንድ ወር ጊዜ አለው። በዚያው ደብዳቤ አንቀጽ 22ን ጠቅሰው ውሳኔው በሰው እንዲታይ ይጠይቁ። እንዲሰረዝ መጠየቁ ለጊዜው ይቆይ፤ ማስረጃዎን በገዛ እጅዎ ያጠፉታል። መልሱ ካላረካዎ የሄሰን ግዛት የዳታ ጥበቃ ኮሚሽነር በነጻ አቤቱታ ይቀበላል። ከዚህ በኋላ ለሚገጥምዎ ቃለ መጠይቅ ደግሞ ከመቀመጥዎ በፊት “ቪዲዮውን የሚመዝነው ሰው ነው ወይስ ማሽን?” ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ።

የአባታችን የአንጎል ማነቃቂያ

*አባታችን 68 ዓመታቸው ነው፤ የሚያንቀጠቅጠው የፓርኪንሰን በሽታ አለባቸው። ሐኪሞቹ አንጎላቸው ውስጥ ማነቃቂያ እንዲተከል ሐሳብ አቅርበዋል። እኛ ልጆቻቸው ተስማምተናል። እሳቸው ግን ዓመቱን ግማሽ አዲስ አበባ መኖር ነው የሚፈልጉት። ምን እናስብበት? — ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ*

“እኛ ተስማምተናል” የሚለው ላይ ቆም በሉ። ልጆች ለወላጅ ማሰባቸው የሚያስመሰግን ነው፤ ይህ ግን በአንጎላቸው ላይ የሚደረግ ስለሆነ የሚስማሙት እሳቸው ናቸው። የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም፦ መድኃኒቱ ሲሠራ ሐሳባቸውም ንግግራቸውም ይፈታል፣ ሲያልቅ ይታሠራል። ምክክሩ መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት ይያዝላቸው። አስተርጓሚው ደግሞ ከልጆች አንዱ አይሁን፤ ልጅ የሚያስፈራውን ያለሰልሳል። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ የሠለጠነ የአማርኛ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ቀጠሮ ሲይዙ ያስመዝግቡ።

ሕክምናው አዲስ ሙከራ አይደለም፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ለፓርኪንሰን የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። 1.3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያላቸው ኤሌክትሮዶች በአንጎል ጥልቅ ክፍል ይገባሉ፣ ሽቦው በጆሮ ጀርባና በአንገት ቆዳ ሥር ወርዶ በደረት የላይኛው ክፍል ከተቀበረ ባትሪ ጋር ይገናኛል። ብዙውን ጊዜ በሴኮንድ 130 ጊዜ ያህል ይመታል። ከ100 ሰዎች በ1 ወይም በ2ቱ ላይ የአንጎል ደም መፍሰስ ሊደርስ ይችላል፤ ኢንፌክሽንም አለ። መሣሪያው ከተተከለ በኋላ ሥራው ገና ነው፦ ልኩን ለማግኘት ለወራት ተመላልሶ ማስተካከል ያስፈልጋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ግማሽ ዓመት ከሆስፒታሉ ብዙ አይራቁ።

ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የማይነገረው የባሕርይ ለውጥ ነው። ኤሌክትሮዱ ሰብታላሚክ ኒውክሊየስ በተባለው ቦታ ሲገባ አንዳንድ ሰው ከልክ በላይ ይደሰታል፣ ይቸኩላል፣ ገንዘብ ይበትናል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከአባታችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ይህ ቢታይ ማን ለሐኪሙ እንዲናገር እንደሚፈቅዱ በጽሑፍ ያስቀምጡ፤ የገንዘብ ውክልናም ካስፈለገ አሁን ይነጋገሩበት። ከተከሰተ በኋላ እሳቸው “እንደ ዛሬ ደህና ሆኜ አላውቅም፣ እናንተ ናችሁ የከፋችሁት” ሊሉ ይችላሉ፤ ያኔ የቱን ቃላቸውን እንደምታከብሩ የምታውቁት አስቀድመው የተናገሩት ካለ ነው።

አዲስ አበባን በተመለከተ ዋናው ጉዳይ ባትሪው ነው። የማይሞላው ከ3 እስከ 5 ዓመት ይቆያል፤ የሚሞላው 15 ዓመት ገደማ ይሄዳል፣ ግን በቋሚነት ቻርጅ መደረግ አለበት፣ መብራት በሚጠፋበት ቤት ደግሞ መጠባበቂያ ያስፈልገዋል። ባትሪ በድንገት ካለቀ መንቀጥቀጡና መገተሩ ይመለሳል፤ አንዳንዴም ለሕይወት ያሰጋል። ከመብረርዎ በፊት የባትሪውን መጠን አስለኩ፣ የመሣሪያውን ዓይነትና የመጨረሻውን ልክ ወረቀት በእጅ ሻንጣ ይያዙ፣ የአስቸኳይ ጊዜ መድኃኒት ምን ያህል እንደሚጨምሩ በጽሑፍ ይቀበሉ። ፊዚዮቴራፒ ቢታዘዝላቸው በሞገድ ሙቀት የሚሰጠው ዳያተርሚ ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ኤሌክትሮዱን አግሎ አንጎልን ያቃጥላል። ኤምአርአይም ከመነሣታቸው በፊት የመሣሪያው ወረቀት ይታይ።

አዲሶቹ መሣሪያዎች የአንጎልን ምልክት ይመዘግባሉም፤ በ2025 ደግሞ በዚያ ምልክት ልኩን ራሱ የሚያስተካክል ዓይነት በአሜሪካ ተፈቅዷል። ቀረጻው ወደ አምራቹ ይሄድ እንደሆነና ሊዘጋ ይችል እንደሆነ ይጠይቁ። አምራቹ ሥራ ቢያቆምስ? አርገስ 2 የተባለው፣ ለዓይነ ስውራን ዓይን ውስጥ የሚተከለው መሣሪያ ከ350 በላይ ሰዎች ላይ ከተተከለ በኋላ ኩባንያው ምርቱን ሲተወው፣ ሰዎቹ ጥገና በሌለው መሣሪያ ቀሩ። ለብዙ ዓመት የተሠራበትንና ከአንድ በላይ ሆስፒታል የሚያውቀውን መሣሪያ መምረጥ ለአባታችሁ የተሻለ ዋስትና ነው።

“ሲስተሙ ነው” የሚሉኝ

*የሸቀጥ ሱቅ አለኝ። በስልክ የምበደረውን በቀኑ ነው የምከፍለው። ሰሞኑን ግን የተፈቀደልኝ ብድር ወደ አንድ አራተኛ ወረደ። ስጠይቅ “ሲስተሙ ነው” ይሉኛል። — ከአዳማ*

ሲስተሙን የሠሩት ሰዎች ናቸው፤ ምክንያት የመስጠት ኃላፊነትም የእነሱ ነው። የስልክ ብድር ነጥብ በአብዛኛው የሚሰላው ከገቢና ወጪ ዝውውር፣ ከቀሪ ሂሳብ፣ ከአየር ሰዓት አሞላልና ከአከፋፈል ታሪክ ነው። በዐቢይ ጾም ሥጋና ቅቤ የሚሸጥ ሱቅ ዝውውሩ ቢቀንስ ማሽኑ “ንግዱ ወደቀ” ሊል ይችላል። ሲም ካርድ መቀየር፣ ስልክን ለዘመድ ማዋስ፣ በሁለት ቁጥር መሸጥም እንዲሁ ያዛባል። ማሽን የሚለካው የሚያገኘውን እንጂ የሚፈለገውን አይደለም። በአሜሪካ ሆስፒታሎች የሚሠራበት አንድ ሥርዓት የበሽታን ክብደት በወጣበት ገንዘብ እየለካ፣ ገንዘብ ያልወጣባቸውን ጥቁር ሕመምተኞች ጤነኛ ይላቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን ያጋለጡት ተመራማሪዎች፣ መለኪያው ቢስተካከል ተጨማሪ እንክብካቤ ከሚመደብላቸው ውስጥ የጥቁሮቹ ድርሻ ከ17.7 ወደ 46.5 በመቶ እንደሚያድግ አሳይተዋል።

ለአበዳሪው ተቋም ደብዳቤ ይጻፉ። ስለ እርስዎ የተያዘው መረጃ ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ብድሩን ያወረዱት ዋና ዋና ምክንያቶች ምን እንደሆኑ ይጠይቁ፤ ውሳኔውም በሰው እንዲታይ ያመልክቱ። አዋጅ 1321/2016 መረጃዎን የማየትና የማሳረም መብት ይሰጥዎታል፤ ማሽን ብቻውን የሚሰጠውን ውሳኔም ይመለከታል። ያለፉትን 6 ወራት የዝውውር መግለጫና የንግድ ፈቃድዎን ግልባጭ ያያይዙ። በሁለት ቅጂ ያስገቡና የእርስዎ ቅጂ ላይ “ተቀብለናል” የሚል ማኅተም ከነቀኑ ያስደርጉ። መልስ ካልሰጡ በመረጃው በኩል ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፣ በብድሩ በኩል ለብሔራዊ ባንክ በዚያው ማኅተም ባለው ቅጂ ያመልክቱ።